የግድግዳ ሽቶ መርጫ ስሠራ የያዝኩት ማስታወሻ

ጥቅምት 6

ነገሩ የተጀመረው ከሽንት ቤት ነው። ጣና ዳር አሳ ቤት ያላቸው አንዲት እትዬ አሉ። ፍሪጅ፣ ምጣድ፣ የውሃ ፓምፕ ሲበላሽባቸው የሚጠሩት እኔን ነው። ትናንት ግን ለሌላ ነገር ጠሩኝ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ በየሩብ ሰዓቱ «ፍስስ» የሚል የሽቶ መርጫ ገዝተው ነበር። ማሽኑ ደህና ነው። ያለቀው ውስጡ ያለው ቆርቆሮ ነው። ምትኩን ከተማው ውስጥ ፈልገው አጡ። ከአዲስ አበባ ያስመጡት ደግሞ ቁመቱ በአንድ ጣት በልጦ አልገባ አለ። «አንተ ልጅ፣ ይኼን ነገር እንደ ኩራዝ የሚሞላ አርገህ አትሠራልኝም?» አሉኝ።

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ይቀለኛል።

ማታ ፈታሁት። ሁለት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ፣ የአሻንጉሊት መኪና ሞተር የምታህል ሞተር፣ ጥቂት የፕላስቲክ ጥርሶች፣ መጨረሻ ላይ ቆርቆሮውን ከአናቱ የምትጫን ክንድ። በቃ ይኼው ነው። ማሽኑ ጣት ነው፤ ጭንቅላቱ ያለው ቆርቆሮው ውስጥ ነው። አፉ ላይ ትንሽ የመለኪያ ጉድጓድ አለች። ግማሽ ሰከንድ ጫናት፣ አምስት ሰከንድ ጫናት፣ የሚወጣው እሷ የያዘችው ብቻ ነው። አንዱ ቆርቆሮ 3000 ጊዜ ያህል ይረጫል። በየ15 ደቂቃው ቀን ከሌሊት ከሠራ በቀን 96 ነውና አንድ ወር ይቆያል ማለት ነው። የሚገፋው ጋዝ እንደ ማብሰያ ጋዝ ታምቆ የገባ፣ እሳት የሚወድ ነገር ነው። ስለዚህ ቆርቆሮውን ቤት ውስጥ እንደገና መሙላት የሚባል ነገር የለም። ባታስቡትም ጥሩ ነው።

እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። የአንዱ ቆርቆሮ የሌላው ማሽን ውስጥ እንዳይገባ ሆን ተብሎ ተሠርቷል። ቁመቱም አንገቱም። ስግብግብነት ነው አልኩ። «የእኔው ላይ ማንኛውም ጠርሙስ ይገባል» ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩና ሁለቴ አሰመርኩበት።

ጥቅምት 10

ሦስት መንገድ ሞከርኩ።

የኩራዙ መንገድ ቀላሉ ነው፤ ጠርሙስና ፈትል፣ አለቀ። ፈትሉን በደንገል ሠራሁት። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው፣ ፈሳሹን ባንድ ሰዓት እስከ ጫፉ ሳበው። ደስ አለኝ። በአራተኛው ቀን... ማለቴ ዛሬ ጠዋት ሳየው ጠቁሯል፣ ሻግቷል፣ ሊያጠፋው የመጣውን ሽታ ራሱ ማምረት ጀምሯል። ፈትል ደግሞ ማቆሚያ የለውም። ሰው በሌለበት ሌሊትም ይተናል።

ሁለተኛው በመብራት የምትንቀጠቀጥ ክብ ብረት ናት። ሳንቲም ታህላለች፣ መሃሏ ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች ተበስቷል፣ በሰከንድ ከ100 ሺህ ጊዜ በላይ እየተንዘፈዘፈች ውሃውን ጉም ታደርገዋለች። በንጹህ ውሃ ስታዩአት ታምራለች። ዘይት ያለበት ሽቶ ስሰጣት በሁለት ቀን ተደፈነች።

የቀረው የእጅ ፓምፕ ነው። ከኮሮና ጊዜ የተረፉ የሳኒታይዘር ጠርሙሶች ቤቴ ውስጥ ሞልተዋል፤ እናቴ አይጣሉም ብላ። ክዳኑ ላይ ያለው መርጫ አንዲት ሞላና አንዲት ትንሽ ኳስ ናት፣ ሌላ ነገር የለውም። ልክ እንደ ቆርቆሮው በተጫንከው ቁጥር እኩል ያወጣል። ጎረቤቴ ወርቅ ሠሪ ስለሆነ ሚዛኑን ለመንኩት። 50 ጊዜ ተጫንኩ፣ 6.1 ግራም ወጣ። ለአንዱ 0.12 ገደማ ማለት ነው። ግማሽ ሊትር ከያዘ ከ4000 ጊዜ በላይ ይረጫል። የቆርቆሮውን ያለ ጋዝ አሸነፍነው።

ከሁሉ ደስ ያለኝ ደግሞ የፓምፑ ክዳን ሃይላንድ አፍ ላይ ተጠምዝዞ ልክክ ማለቱ ነው። ሃይላንድ የሌለበት ቤት የት አለ? ይኼንንም ጻፍኩት።

ጥቅምት 15

ዛሬ ጣቱን ሠራሁ። ፓምፑን ለመጫን ከ2 እስከ 3 ኪሎ ይፈልጋል። እጄ ላይ ያለችው ትንሿ ሰማያዊ ሰርቮ (በታዘዘችው ልክ የምትዞር ሞተር)፣ ኤስጂ 90 የምትባለው፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ክንድ ላይ አቅሟ 1.8 ኪሎ ነው። እያወቅኩ ሞከርኳት፣ ምክንያቱም ቤት ውስጥ ያለችው እሷ ናት። በ11ኛው ጫና ጥርሷ ተላጨ። ባለ ብረት ጥርሱን ኤምጂ 996 አስገባሁ። እሱ ከ9 ኪሎ በላይ ይጫናል። ፓምፑን እንደ ቀልድ ነው የሚጨፈልቀው።

ሳጥኑን የሠራሁት ከባለ 110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ ነው። በሴጌቶ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቅኩት፣ ከሰል ላይ ራቅ አድርጌ አሞቅኩት፣ በሁለት ጣውላ መሃል አስገብቼ ቆምኩበት። ቱቦው የተሠራበት ፕላስቲክ፣ ፒቪሲ፣ 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል። ካሳለፋችሁት ይጨሳል፣ ጭሱም መርዝ ነው፤ ውጪ ሆናችሁ ሥሩት። እናቴ ከበር ብቅ ብላ «ዛሬ ደግሞ ቱቦ ትጋግራለህ?» አለችኝ።

የፈሳሹን መጠን የሚያሳይ መስኮት ከሲዲ ሽፋን ቆርጬ ለጠፍኩ። (በሳምንቱ ተመልሼ የጨመርኩት፦ ተሰነጣጥቆ አገኘሁት።) የሽቶ ዘይት ያንን ዓይነት ፕላስቲክ ይበላል። ሃይላንዱን ግን ምንም አላለውም።

ጥቅምት 22

ሁለት መቶ ጊዜ ያህል ከረጨ በኋላ ቆመ። ስከፍተው ሃይላንዱ ጎኑ ገብቷል፣ ጭማቂው እንደተመጠጠ የጁስ ካርቶን ተጨማድዷል። ለካ ፈሳሽ ሲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት። ፓምፑ ራሱ አየር ያስገባል፣ እኔ ግን እንዳያንጠባጥብ ብዬ ዙሪያውን በሲልከን ደፍኜዋለሁ። ብልጥ ነኝ።

ቀዳዳ ብበሳ ሽቶው ይተናል። የሚያስፈልገኝ አየር የሚያስገባ እንጂ የማያስወጣ በር ነው። እሱን እያሰብኩ በብስክሌቴ ስሄድ ጎማዬ ተነፈሰ። (ባሕር ዳር ውስጥ ማሰቢያችን ብስክሌት ላይ ነው።) ዛፍ ሥር የሚሠሩት ጋሼ ቫልቩን ነቅለው ያቺን ቀጭን የጎማ ክር ሲቀይሩ ቆሜ አየሁ። አየር ከውጪ ሲገፋ ጎማዋ ትነሳለች፣ ከውስጥ ሲገፋ ቀዳዳው ላይ ትለጠፋለች። የምፈልገው በር ፊቴ ነበር!

«ጋሼ፣ አንድ ቫልቭ ይሽጡልኝ።»

«ለምንህ ነው?»

ነገርኳቸው። ትንሽ ሳቁና አዲሷን ጎማ መልሰው ሳጥናቸው ውስጥ ከተቱ። «አዲሷ ትጨንቃለች፣ ያንተ ፓምፕ አቅም የለውም። ያረጀች ልስጥህ» አሉኝ። ልክ ናቸው። ቤት ገብቼ ከሌላ ቦታ ባገኘሁት አዲስ ሞከርኩ፣ ጠርሙሱ እንደገና ተጨማደደ። በእሳቸው አሮጌ ግን እስከ ማታ 600 ጊዜ ረጨ። ብር አልቀበል አሉኝ።

ኅዳር 3

ስለ ፈሳሹ። እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ አጥፍቻለሁ።

እትዬ የፋብሪካ ሽቶ አይወዱም፣ ራስ ምታት ይቀሰቅስባቸዋል። ሦስት ኪሎ ጠጅ ሳር ገዝቼ በፕሬዠር ድስት አነጠርኩ። እንፋሎቱ በመዳብ ቱቦ አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ አረቄ እንደሚወጣው ማለት ነው። ሙሉ ቀን ሠርቼ ያገኘሁት ዘይት የሾርባ ማንኪያ አይሞላም። ሽታው ግን ሰፈሩን አዳረሰ።

ዘይትና ውሃ አይታረቁም። አልኮል ያስታርቃቸዋል፣ ግን ብዙ ይፈልጋል። 70 በመቶ አልኮል ደግሞ ከ17 ዲግሪ ጀምሮ ትነቱ እሳት ይይዛል፤ 17 ዲግሪ እኛ ጋ ሹራብ የሚያስለብስ ብርድ ነው። መብራት ሲጠፋ ሽንት ቤት ውስጥ ሻማ ይበራል። እዛው ላይ በየሩብ ሰዓቱ አልኮል የሚረጭ ማሽን መስቀል አልፈለግኩም።

ስለዚህ አብዛኛውን ውሃ አደረግኩት። እንዳይሻግት ትንሽ አልኮል ጨመርኩ፤ ለማስታረቂያ ደግሞ ሎሽን የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበትን ፖሊሶርቤት 20። ጥርት እንዲል ከዘይቱ ብዙ እጥፍ ይፈልጋል፣ እኔ ቆጠብኩ። እናም ፈሳሹ ደፍረስ ብሎ ነጣ፣ የሩዝ እጣቢ መሰለ። ደመና ቢመስል ምን አገባኝ፣ ሽታው ያው ነው ብዬ ተውኩት። ይኼን መስመር በኋላ ተመልሼ አነበብኩት።

ኅዳር 8

ተሰቀለ። በትራፓኖ በስቼ፣ ፊሸር አስገብቼ፣ በአራት ብሎን። ለመጠባበቂያ ሁለት ሊትር ፈሳሽ በሃይላንድ አድርጌ ለጽዳት ሠራተኛዋ አስረከብኳት። እትዬ ገብተው አሽትተው ወጡ። «ሻይ ቤት የገባሁ መሰለኝ» አሉ። ማመስገን ይሁን መቃወም አልገባኝም።

ኅዳር 12

ሁለት ስሞታ ባንድ ቀን።

አንደኛ፣ መርጫው ሥር ያለው ሴራሚክ ያንሸራትታል። እውነትም። የእጅ ፓምፕ ጠብታው ትልልቅ ነው፣ አየር ላይ ሳይተን ወለል ላይ ያርፋል። አፉን በቀጭኑ ቀየርኩ፣ ከሁለት ሜትር በላይ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት፣ ወደ ላይ አዘነበልኩት። መታጠቢያው አናት ላይም አላደረግኩትም፣ ሰው ቀና ሲል ዓይኑ ውስጥ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ባትሪው በሦስተኛው ቀን ሞተ። ይኼ የእኔ ስንፍና ነው። ማሽኑን የሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር፣ አርዱዊኖ ናኖ፣ ምንም ሳይሠራ እንኳ 20 ሚሊ አምፔር ገደማ ይበላል፣ ሰርቮውም ቆሞ እያለ ይቀምሳል። ናኖውን አውጥቼ አቲኒ 85 የምትባል ትንሽ ቺፕ አስገባሁ። እሷ ትተኛለች፣ በየ8 ሰከንዱ አንድ ዓይኗን ከፍታ ትቆጥራለች፣ 113 ስትደርስ ሩብ ሰዓት ሆነ ማለት ነው። ለሰርቮው በትራንዚስተር መቁረጫ ሠራሁለት፤ ካልተጠራ መብራት አያገኝም። ባትሪው እስካሁን አለ።

ኅዳር 25

ብርሃን ሲኖር ብቻ እንዲረጭ አድርጌው ነበር፣ ሌሊት እንዳያባክን። ማታ መብራት ጠፋ፣ ሽቶውም አብሮ ጠፋ። እትዬ በስልክ፦ «መብራት ሲጠፋ ሽንት ቤቱ መሽተቱን ያቆማል ያለህ ማነው?» አሁን በጨለማም በየሰዓቱ አንዴ ይረጫል። ቀኑን 48፣ ሌሊቱን 12፣ ድምር 60። ግማሽ ሊትሩ ሁለት ወር ያልፋል።

ታኅሣሥ 4

የፈራሁት ጥያቄ መጣ። «ለትንኙስ ፍሊት ብንጨምርበት?»

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ለእኔም መጥቶልኝ ነበር። ክረምት ካለፈ በኋላ ያሉት ወራት የወባ ወራት ናቸው፣ ማሽኑም ተሠርቷል። ሁለት ቀን አነበብኩ። የቤት ውስጥ ፀረ ተባይ አብዛኛው መነሻው ፓይሬትረም የሚባል ነጭ አበባ ነው፤ ጎረቤት ኬንያ ትታወቅበታለች። የአበባው መርዝ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይሞታል። ፋብሪካ የሚሠራቸው ዘመዶቹ ብዙ ይቆያሉ። የነፍሳቱን ነርቭ ያንዘፈዝፋሉ። የሰው ሰውነት ቶሎ ሰባብሮ ያወጣቸዋል። አሳ ግን አይችልም፣ እጅግ ትንሽ መጠን ይገድለዋል። ፐርሜትሪን የሚባለው ደግሞ ለድመት መርዝ ነው። አሳ ቤት ውስጥ ድመት ስንት ነው? የእሳቸው መታጠቢያ ፍሳሽ የት እንደሚሄድስ? እኔ ነኝ ቱቦውን የዘረጋሁት፣ አውቀዋለሁ። ቆሮሶና አምባዛ እየሸጡ ሐይቁ ዳር መርዝ መገልበጥ አይሆንም።

ደግሞ በረንዳው ላይ አምፖሉን እንደ ጭስ የሚከቡት ትንኞች አይናከሱም። ወባም አያስይዙም። ብርሃን ወደው ነው የሚመጡት። ነጩን አምፖል አውጥቼ ቢጫ አደረግኩ፣ አንዱን ከጠረጴዛዎቹ አርቄ ዛፉ ላይ ሰቀልኩት። ግማሹ መንጋ ወደ ዛፉ ሄደ። ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ወንፊት ሽቦ መታሁ። ማታ እዛው ለሚያድሩት ዘበኛ አጎበር እንዲገዛላቸው ነገርኳቸው። ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ታኅሣሥ 9

ከሰዓት ስልክ ተደወለ። የጽዳት ሠራተኛዋ ዓይኗ ያለቅሳል፣ ራሷን ይፈልጣታል፣ ያቅለሸልሻታል። ስደርስ ሽንት ቤቱ በር ላይ ሽታው ያዘኝ፣ የነጭ ሽንኩርት ዓይነት። ጠጅ ሳር አይደለም።

መርጫውን ከፈትኩት። ሃይላንዱ ውስጥ ነጭ ፈሳሽ አለ፤ ግን የእኔ አይደለም። ዝንብ በዝቶባት ከገበያ ስሙ ያልተጻፈበት ፀረ ተባይ ገዝታ፣ በውሃ በጥብጣ ጨምራበታለች። የተረፈው መታጠቢያው ሥር ተቀምጧል። በሃይላንድ። አጠገቡ የእኔው የሽቶ ሃይላንድ። ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ደፍረስ ያሉ፣ ሁለቱም ሰማያዊ ክዳን። ለይ ብትሉኝ ሳላሸት አልለይም። የእትዬ የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ውሃ የሚጠጣው እዚሁ ነው።

ልጅቷን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ልብሷን አስቀየሩ፣ በሳሙና አሳጠቧት፣ እስከ ማታ አቆዩአት። ደህና ናት። ስትወጣ «ወንድሜ፣ መርጫ ነው ብለኸኝ የለ?» አለችኝ። ምን ልመልስ? ብያታለሁ። ማንኛውም ጠርሙስ ይገባል ብዬ ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ፈሳሹ ነጭ ሆኖ እንዲቀር የተውኩት፣ በሃይላንድ ያስረከብኩትም እኔው።

መርዙን ፍሳሽ ውስጥ አልደፋሁትም። ወፍራም ዕቃ ውስጥ ከደንኩት፣ «መርዝ» ብዬ ጻፍኩበት፣ ቆለፍኩበት። ማሽኑን ነቅዬ ቤቴ ወሰድኩ።

ታኅሣሥ 13

ሦስት ቀን አልነካሁትም።

ዛሬ ከዜሮ ጀመርኩ። እስካሁን የደከምኩት እንዴት ይረጫል በሚለው ላይ ነበር። እሱ ባንድ ሰርቮ ያለቀ ነገር ነው። ማን ይሞላዋል፣ በምን ይሞላዋል፣ መጠባበቂያው የት ይቀመጣል የሚለውን አንድ ቀን ተቀምጬ አላሰብኩትም።

አዲሱ እንዲህ ነው። ጠርሙሱ ወፍራም፣ ብርሃን የማያሳልፍ ፕላስቲክ፣ አፉ ሰፊ። የሃይላንድ ክዳን አይገባበትም፣ ፓምፑም ሃይላንድ ላይ አይገባም። አንገቱ ላይ ሦስት ጆሮ ያለው ቀለበት አጣበቅኩ፤ መያዣው ያለዚያ ቀለበት አይቀበልም። ሳጥኑ በሦስት ማዕዘን ቁልፍ ይዘጋል። ፈሳሹ እዚያ ቤት አይሞላም። ለአንድ ማሽን ሁለት ጠርሙስ አለ፣ አንዱ ግድግዳ ላይ፣ አንዱ እኔ ጋ። ሲያልቅ ይቀየራል፣ ባዶውን ወስጄ አጥቤ እሞላዋለሁ። ያለ እጥበት ላዩ ላይ መጨመር ራሱ ጥሩ አይደለም፣ አሮጌው ሥር የሚበቅለው አተላ አዲሱን ያበላሻል።

ፖሊሶርቤቱን አልቆጠብኩም። ፈሳሹ ጠራ። ከዚያ የኬክ ሰማያዊ ቀለም ጠብ አደረግኩበት። ሰማያዊ ነገር ውሃ ነው ብሎ የሚጠጣ የለም።

ጥር 8

ጥምቀት ደርሷል፣ ከተማው እንግዳ በእንግዳ ነው። አራት ማሽን ተሰቅሏል፤ ሁለት እትዬ ጋ፣ ሁለት ጎረቤታቸው ያለ ፔንሲዮን። የፔንሲዮኑ ሰውዬ የፀረ ተባዩን ዓይነት ሥራልኝ ብሎ ሦስቴ ደወለ። ሦስቴም ወንፊት ሽቦ የሚሸጥበትን ሱቅ ነገርኩት።

እትዬ ቁልፉን አገላብጠው አዩት። «ታዲያ ከዚያ ከቆርቆሮው በምን ተሻለ? ያም አይከፈትም፣ ያንተም አይከፈትም።»

«እኔ እዚሁ ነኛ እትዬ፣ አዲስ አበባ አይልኩብኝ።»

«እሱስ እውነት ነው» አሉና ቡና አፈሉልኝ።

የሦስተኛው ማሽን ጠርሙስ ዛሬ ጎኑ ትንሽ ገባ ብሏል። ከፍቼ አየሁት። የቫልቩ ጎማ ከጠጅ ሳሩ ትነት አብጦ እንደ ማስቲካ ተለጥፏል። ነገ ጠዋት ጋሼ ጋ ሄጄ አሮጌ ጎማ እለምናለሁ፣ አራት አምስት ከሰጡኝ በየሁለት ወሩ ከጠርሙሱ ጋር አብሬ እቀይረዋለሁ። ዛሬ ስደውልላቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ለእኛስ ሱቅ አንድ አይደርሰንም?» ብለው ነው። ሱቃቸው ዛፍ ሥር ነው።